ከትምህርት በኋላ አንድ ሰዓት ለአሸዋ

ለትንንሽ ልጆች የአሸዋ አኒሜሽን እናስተምራለን ስንል ከወላጆች የሚመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ለፈተና ምን ይጠቅማቸዋል?» ጥያቄው አይገርመኝም። ከትምህርት በኋላ ያለው ጊዜ ዛሬ የአስጠኚ ሆኗል። ልጁ አንዱን ደብተር ሳይዘጋ ሌላውን ይገልጣል።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። የልጅ ልጄ በሚማርበት ትምህርት ቤት የሥዕል መምህርቷ ረቡዕ ረቡዕ ከ1ኛና ከ2ኛ ክፍል ልጆች ጋር ይህን ስትጀምር፣ አሸዋው ዓይንና ሳንባ ውስጥ እንዳይገባ ልጠብቅ ገባሁ። አሁን ግን የምሄደው ልጆቹን ለማየት ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ውስጡ መብራት ባለው ሣጥን ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ሰሌዳ ይደረጋል፤ በላዩ አሸዋ በስሱ ይነሰነሳል። ልጁ በጣቱ የጠረገው ቦታ ይበራል፣ የቆለለበት ይጨልማል። ከላይ ማቆሚያ ላይ የታሰረ ስልክ ፎቶ ያነሳል። ልጁ ሥዕሉን በጥቂቱ ይለውጣል፤ እንደገና ፎቶ። ፎቶዎቹ ተከታትለው በፍጥነት ሲታዩ ወፏ ትበራለች። ባለሙያዎች ለአንድ ሴኮንድ 12 ወይም 24 ሥዕል ይጠቀማሉ፤ የእኛዎቹ በ6 ይረካሉ። ለ10 ሴኮንድ 60 ፎቶ መሆኑ ነው፤ ለሰባት ዓመት ልጅ ቀላል ትዕግሥት አይደለም።

ብዙዎቻችሁ በስልክ ያያችሁት ሌላ ነው። ዩክሬናዊቷ ክሴኒያ ሲሞኖቫ በ2009 እ.ኤ.አ. የአገሯን የተሰጥኦ ውድድር ያሸነፈችበት፣ መድረክ ላይ በሙዚቃ የሚሳል ትርኢት ነው። ፎቶ በፎቶ የሚሠራው ግን ከዚያ የቆየ ነው፤ ካሮላይን ሊፍ የምትባል አሜሪካዊት ተማሪ ሳለች በ1968 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ፊልሟን በአሸዋ ሠርታለች።

ከልጆቹ መካከል አንድ የ2ኛ ክፍል ተማሪ አለ። ፊደል ሲጽፍ ከተሳሳተ ወረቀቱ እስኪቀደድ በላጲስ ይፈትገዋል፤ ከዚያ ያለቅሳል፣ ጨርሶም ይተወዋል። አሸዋው ላይ ግን ማጥፋት ራሱ ሥራ ነው፤ የሚያፍርበት ነገር የለም። በሦስተኛው ሳምንት ጅብ ሠራ። ጅብ የሚመስለው ጆሮው ብቻ ነበር። ልትወስደው የመጣችው እናቱ ደስ ብሏት «በቃ አታጥፋው፣ ላንሳው!» ብላ ስልኳን አወጣች። እሱ የጅቡን እግር እየጠረገ «እማዬ፣ ካላጠፋሁት እኮ አይራመድም» አላት።

ከዚያ ወዲህ ደብተሩ ላይ ተአምር ታየ ብዬ አልዋሻችሁም። ላጲሱ ዛሬም አለ። ማልቀሱ ግን ቀንሷል፤ መምህርቷም አስተውላዋለች። ለፈተና ይጠቅም እንደሆነ ለሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው የምነግራቸው። ለአያቶች ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ አጠገባቸው ስትቀመጡ እጃችሁን ሰብስቡ። «የጅብ ጅራት እንዲህ አይደለም» ብለን ማስተካከል የጀመርን ጊዜ ልጁ ጣቱን አንስቶ እኛን ማየት ይጀምራል።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። ከድንጋይ መፍጫ የሚመጣ ዱቄት በፍጹም አይሆንም። ድንጋይ ሲፈጩና ሲጠርቡ በኖሩ ሠራተኞች ላይ ሲሊኮሲስ የሚባለውን የሳንባ በሽታ የሚያመጣው ደቃቁ የሲሊካ ብናኝ ነው። በሳምንት አንድ ሰዓት የሚጫወት ልጅ እዚያ አይደርስም፤ ነገር ግን ብናኙን ማስቀረት እየተቻለ ለምን ይተንፍሱት? እኛ የወንዝ አሸዋ በወንፊት ነፍተን፣ ውኃው ጥርት እስኪል ደጋግመን አጥበን፣ እንደ ገብስ ምጣድ ላይ አምሰን አቀዘቀዝነው። ከመንገድ ዳር የተዛቀ አሸዋ የእንስሳት ዓይነ ምድር አያጣውም፤ ሳይታጠብ ልጅ እጅ አይግባ። በጤፍ እንሥራ ያሉም ነበሩ፣ ቀለሙ ያምራል ብለው። አንዲት አያት «እህል መጫወቻ አይደለም» አሉና ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

አሸዋውን በአፍ መንፋት ክልክል ነው፤ የልጆች የመጀመሪያ ሐሳብ ግን ሁልጊዜ እሱ ነው። ዓይን ውስጥ ከገባ ማሸት የለም፣ በንጹሕ ውኃ ብዙ ማጠብ ነው፤ ቁርጥማቱ ወይም መቅላቱ ካልለቀቀ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። አስም ያለበት ልጅ ካለ አስቀድማችሁ ንገሩን። ወለሉ ሲጠረግ ውኃ ረጨት ይደረግበታል፤ ከዚያ እጅ በሳሙና።

ሰሌዳው መስታወት ሳይሆን ማስታወቂያ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት አክሪሊክ ነው፤ ቢወድቅም እንደ መስታወት አይሰባበርም። መብራቱ የማይግል ኤል ኢ ዲ ሆኖ በ5 ቮልት ከፓወር ባንክ ይሠራል፤ ልጅ ሶኬት አይነካም። ባለፈው ረቡዕ መብራት ጠፍቶ ግቢው ሁሉ ሲጮህ የእኛዎቹ ቀና እንኳ አላሉም።