ሳይሰነጠቅ የሚለጠጥ ስክሪን

የሚታጠፍ ስልክ አይለጠጥም። ይህን ቀድሞ መለየት ይበጃል፤ ብዙ ሰው ስለሚለጠጥ ስክሪን ሲሰማ ወዲያው የሚታየው ሱቅ ውስጥ እየተገለጠ የሚዘጋው ስልክ ነውና። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ያለችው ቤልቪው የስልክ አገልግሎት ሰጪው የቲ ሞባይል ዋና መሥሪያ ቤት ያለባት ከተማ ስለሆነች እንዲህ ያለ ስልክ እዚህ ሱቅ ገብቶ መነካካት ቀላል ነው። ከፍታችሁ ወደ መብራት ዘንበል ብታደርጉት መሀሉ ላይ ከአናት እስከ ግርጌ የሚወርድ ስስ ስርጉድ ይታያል፤ ጣት ሲያልፍበትም ይሰማል። ያ ቦታ በየቀኑ ይጎብጣል፤ ርዝመቱ ግን አይለወጥም።

ስስ ነገር ሲታጠፍ የውጭ ፊቱ ይሳባል፣ የውስጥ ፊቱ ይጨመቃል፣ መካከሉ ላይ ግን የማይሳብም የማይጨመቅም ንጣፍ ይቀራል። መሐንዲሶች በቀላሉ የሚሰበረውን ክፍል እዚያ ያስቀምጡታል። መቅጠንም ያግዛል፦ 30 ማይክሮን ውፍረት ያለው ፊልም በ1.5 ሚሊ ሜትር ሬዲየስ ቢጎብጥ የውጭ ፊቱ የሚረዝመው 1 በመቶ ብቻ ነው። በመለጠጥ ጊዜ ግን መሸሸጊያ የለም። ላዩም፣ ታቹም፣ መሀሉም እኩል ይሳባል፤ የቱንም ያህል ቢቀጥን 20 በመቶ ያው 20 በመቶ ነው። በአብዛኛው ስክሪን ላይ ብርሃን እያሳለፈ ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ የተባለ ስስ ሽፋን ደግሞ ከ1 እስከ 2 በመቶ ገደማ ሲሳብ ይሰነጠቃል።

ማጠፍ ብቻውን እንኳ ስንቱን አስቸግሯል። ሳምሰንግ የመጀመሪያውን ጋላክሲ ፎልድ በኤፕሪል 2019 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሊሸጥ ተዘጋጅቶ ሳለ፣ ቀድመው የተሰጣቸው ጋዜጠኞች እጅ ላይ ስክሪኑ ስለተበላሸ ሽያጩን ወደ ሴፕቴምበር ገፋው። የቤልቪው ጎረቤት በሆነችው ሬድመንድ ያለው ማይክሮሶፍት በበኩሉ ጣጣውን ዘለለው፤ በ2020 ባወጣው ሰርፌስ ዱኦ ሁለት ጠጣር ስክሪኖችን በማጠፊያ አገናኘና አንዱንም ሳያጎብጥ ተገላገለ። በእኔ እይታ ያ ሽንፈት አልነበረም፤ ለሚለጠጠው ስክሪን የተገኘው ዘዴም ከዚህ ሐሳብ ብዙ አይርቅም።

ዘዴው የማይለጠጠውን እንዳለ መተው ነው። ብርሃን የሚሰጡት ጥቃቅን ኤልኢዲዎችና የሚቆጣጠሯቸው ትራንዚስተሮች በጠጣር ደሴቶች ላይ ይቀመጣሉ፤ ደሴቶቹ ለስላሳ ላስቲክ ላይ ይጣበቃሉ፤ የሚያገናኛቸው ሽቦ እየተጥመዘመዘ ይዘረጋል። ላስቲኩ ሲሳብ ደሴቶቹ ይራራቃሉ፣ ሽቦውም ጥቅልል ጸጉር ጫፉን ሲይዙት እንደሚረዝመው ጥምዝምዙን እየፈታ ይከተላቸዋል። ብረቱ ራሱ የሚሳበው እጅግ በጥቂቱ ነው። ለዚህ መንገድ ከጠረጉት አንዱ ጆን ሮጀርስ ነው። በ2006 እሱና ባልደረቦቹ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ስስ የሲሊከን ሪባን ቀድሞ በተወጠረ ላስቲክ ላይ አጣብቀው ውጥረቱን ሲለቁት፣ ሲሊከኑ ሳይሰበር ሞገድ ሠርቶ ተጨማደደ። ከዚያ ወዲያ ሲጎትቱት የሚዘረጋው ያ ሞገድ ሆነ።

ከላቦራቶሪ ወጥቶ ለሕዝብ የታየው ዋነኛ ምሳሌ የደቡብ ኮሪያው ኤልጂ ዲስፕሌይ ሥራ ነው። በኖቬምበር 2022 ያሳየው ባለ 12 ኢንች ስክሪን ተስቦ 14 ኢንች ይሆን ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ያሳየው ደግሞ ከ12 ወደ 18 ኢንች፣ ማለትም በ50 በመቶ ይሰፋል። የመጀመሪያው ከ40 ማይክሮን ያነሱ ማይክሮ ኤልኢዲዎችና የኤስ ቅርጽ ያላቸው ሽቦዎች ሲኖሩት፣ የተዘረጋበት ሲሊኮን ለዓይን ሌንስ የሚያገለግለው ዓይነት ነው።

የዓይን ሌንስ ነገር ከተነሳ ሲያትልን ማለፍ አይቻልም። እዚያ ባለው በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ባባክ ፓርቪዝና ቡድኑ በ2008 የኤሌክትሪክ መስመርና ኤልኢዲ ያለበት የዓይን ሌንስ ሠርተው አሳይተዋል። ጥንቸሎች እስከ 20 ደቂቃ ድረስ አድርገውት ጉዳት አልታየባቸውም፤ መብራቱ ግን ገና አልበራም ነበር። ሌንሱ አይለጠጥም፤ ቢሆንም ጠጣር ቅንጣትን ለስላሳ ገላ በሚነካ ነገር ላይ የማስፈር ችግሩ አንድ ነው። ቅንጣቶቹ በመቆንጠጫ ለመያዝ ስለማይመቹ በፈሳሽ ውስጥ ተበትነው እንዲንሳፈፉ ተደረገ፤ እያንዳንዳቸው በቅርጻቸው ልክ የተቀረጸላቸውን ጎድጓዳ ራሳቸው እየፈለጉ ገቡ።

ወደ ስንጥቁ እንመለስ። ስክሪኑ ተደጋግሞ ሲሳብ ቀድሞ የሚሸነፈው ሽቦው ከደሴቱ የሚወጣበት አንገት ነው፤ እዚያ ጠጣሩና ለስላሳው ይገናኛሉ፣ ጉልበቱም ሁሉ ወደዚያ ይሰበሰባል። የጥምዝምዙ ውስጠኛ ጠርዝም ሁለተኛው ደካማ ቦታ ነው። ስለዚህ አንገቱን አስፍቶ ማዕዘኑን ማክበብ፣ ሽቦውን ማቅጠን፣ ብረቱንም በሁለት ስስ ፕላስቲኮች መካከል ማስገባት የተለመደ ጥበብ ሆኗል። የመጨረሻው ከላይ ያየነው የመካከል ንጣፍ ብልሃት ነው፤ ሽቦው ሲሳብ ከገጹ ብድግ እያለ ስለሚጣመም እዚህም ይሠራል። የማይሰነጠቅ ሽቦ የሚፈልጉ ደግሞ ፈሳሽ ብረት ይሞክራሉ። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ መሐመድ ማላኩቲና ባልደረቦቹ በ2024 ያቀረቡት፣ ከሰውነት ሙቀት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ መሣሪያ በዚህ የተሠራ ሲሆን ተወግቶና 2,000 ጊዜ ተስቦም መሥራቱን አላቆመም።

የምስል መዛባት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለእኔ ይበልጥ የሚጥመኝም እሱ ነው። የወጥ ቤት የላስቲክ ጓንት ላይ በእስክሪብቶ ክብ ሥላችሁ ግራና ቀኝ ጎትቱት። ክቡ ወደ ጎን ሲሰፋ ከላይና ከታች ይጨፈለቃል። ላስቲክ ሲሳብ ይዘቱ ብዙም ስለማይለወጥ በአንድ በኩል ያገኘውን በሌላው ይከፍላል፤ ወርዱ 20 በመቶ ቢጨምር ቁመቱ 9 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ምንም ሽቦ ሳይበጠስ፣ አንድም መብራት ሳይጠፋ የሰው ፊት ተጠፍጥፎ ይታያል።

መድኃኒቱ የመጣው ሲሳብ ከሚወፍር ነገር ነው። በ1987 ሮድሪክ ሌክስ የተባለ ተመራማሪ በአይዋ ዩኒቨርሲቲ ተራ ስፖንጅ ጨምቆና አሙቆ፣ ሲጎትቱት በመቅጠን ፈንታ ወደ ጎንም የሚሰፋ ስፖንጅ ሠራ። ምስጢሩ የቀዳዳዎቹ ቅርጽ ነው፤ ግድግዳቸው ወደ ውስጥ ስለጎበጠ ሲሳብ ወደ ውጭ ይገፋል። የኮሪያ የማሽንና ቁሳቁስ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ይህን ቅርጽ ከማይክሮ ኤልኢዲ ጋር አጣምረው በ2022 ባለ 3 ኢንች ስክሪን አሳዩ፤ 25 በመቶ ገደማ ሲሳብ ቁመትና ወርዱ እኩል ስለሚያድጉ ምስሉ ቅርጹን ይጠብቃል። ሌላው አማራጭ ምን ያህል እንደተሳበ ለክቶ ምስሉን በሶፍትዌር ማስተካከል ነው። ይሠራል፤ ነገር ግን የስክሪኑ ቅርጽ ራሱ የሚፈታውን ችግር ለኮምፒውተር ማሸከም ይመስለኛል።

የማይታለፍ ገደብም አለ፦ ስክሪን ሲለጠጥ ፒክስል አይወልድም። በነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀት ብቻ ይሰፋል። የኤልጂው ስክሪን በኢንች 100 ፒክስል ሲኖረው፣ ኪሳችን ያለው ስልክ ብዙ ጊዜ ከ400 ያልፋል። ደሴትና ጥምዝምዝ ሽቦ ቦታ ይሻማሉ፤ ይበልጥ የሚለጠጥ ስክሪን ፈልጎ ለሽቦው ቦታ የጨመረ ሰው ከፒክስሉ ይቀንሳል።

ዕድሜውም መታሰብ አለበት። ኤልጂ በ2022 የገለጸው 10,000 ጊዜ መሳብ ብዙ ይመስላል፤ በቀን 100 ጊዜ ለሚጎትት ሰው ግን 100 ቀን ነው። እንዲህ ካሰላሁ ወዲህ የሚለጠጥ ስልክ አያጓጓኝም። ኤልጂ በ2024 ካሳያቸው ሞዴሎች መካከል ትኩረቴን የሳበው በእጅ ሲነካ እየጎበጠ የሚነሳው የመኪና ፓነል ነው። መኪና ውስጥ ደግሞ ጭርሱን በቀን መቶ ጊዜ መሳብ የማያስፈልገው ሥራ አለ፦ ስክሪኑ ፋብሪካ ውስጥ አንዴ ተስቦ የዳሽቦርዱን ጉብታ ይለብስና እዚያው ይቀራል።