በከተማ የሚቆረጡ ዛፎች ለጣውላ ስለሚሰጡት ጥቅም

በሐረር ከተማ፥ በጁገል ቅጥር ውስጥም ሆነ ከቅጥሩ ውጪ በተስፋፋው ክፍል፥ በየጊዜው ዛፍ ይቆረጣል። አንዱ አርጅቶ ወይም በነፋስ ተገንድሶ ይወድቃል፤ ሌላው ሥሩ ግንብ በመሰንጠቁ፥ ሌላውም መንገድ ሲሰፋ ወይም የመብራት ሽቦ ሲዘረጋ ይቆረጣል። ከወደቀ በኋላ ግን ግንዱ ብዙ ጊዜ በመጥረቢያ ተፈልጦ ማገዶ ይሆናል። ማገዶም ለከተማው ሕዝብ አስፈላጊ መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ለበርና ለመስኮት፥ ለሳጥንና ለወንበር የሚበቃውን ግንድ ከቅርንጫፉ ጋራ አንድ አድርጎ ማንደድ ለነጋዴውም ለአናጢውም ኪሣራ መሆኑን በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ እንወዳለን።

የኪሣራው ምክንያት ርቀት ነው። ለቤት ዕቃ የሚፈለገው ወንዛና ቀረሮ በብዛት የሚገኘው በአገራችን ደቡብ ምዕራብ ክፍል ነው። ከጅማ የተነሣ ጣውላ አዲስ አበባ ለመድረስ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከአዲስ አበባም እስከ ሐረር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀረዋል። ከውጭ አገር የሚመጣውም እንጨት በጅቡቲ ወደብ በኩል ሲገባ የመርከብ፥ የቀረጥና የመኪና ኪራይ ይጫንበታል። በከተማው ውስጥ የወደቀ ግንድ ግን ከነዚህ ወጪዎች ነፃ ነው፤ የሚያስፈልገው የመሰንጠቂያ፥ የማድረቂያና የጥቂት ኪሎ ሜትር ማጓጓዣ ገንዘብ ብቻ ነው።

ነገሩን በቍጥር እናስረዳ። ስፋቱ በአማካይ 40 ሳንቲ ሜትር፥ ርዝመቱ 3 ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ግንድ 0.38 ሜትር ኩብ ያህል እንጨት አለው። ሲሰነጠቅ በቅርፊት፥ በሰጋቱራና በጠርዝ ግማሹ ይጠፋል ብለን ብንገምት እንኳ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፥ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 3 ሜትር ርዝመት ያለው ጣውላ 12 ያህል ይወጣዋል። አንባቢው የ12 ጣውላ ዋጋ በዛሬው ገበያ ስንት እንደሆነ፥ የአንድ ግንድ ፍልጥስ ስንት እንደሚያወጣ ራሱ ሊያመዛዝን ይችላል። ቅርንጫፉና ትርፍራፊው ደግሞ ለማገዶ ስለሚቀር በማገዶ ንግድ የሚተዳደሩት ሰዎች ድርሻቸውን ጨርሰው አያጡም።

ዛፍ ሁሉ ግን ለአንድ ሥራ አይሆንም። ወንዛ ቀላልና ለመጋዝ የሚታዘዝ ስለሆነ ለበር፥ ለወንበርና ለሳጥን ይመረጣል። ጥድ ልቡ ምስጥን የሚቋቋምና መልካም ሽታ ያለው ስለሆነ ለወራጅና ለምሰሶ ይስማማል። ወይራ ከባድና ጽኑ ነው፤ ለመሣሪያ እጀታና ለዘነዘና ይውላል። ከአውስትራሊያ የመጣው ግራቪሊያ ዥንጉርጉር መልክ ያለው ውብ ጣውላ ይሰጣል፤ ብናኙ ግን የአንዳንዱን ሰው ቆዳ ስለሚያሳክክ ሠራተኛው አፍና አፍንጫውን መሸፈን፥ ክንዱንም መጠበቅ ይገባዋል። ጃካራንዳ ለስላሳ ስለሆነ ለቅርጻ ቅርጽና ለትናንሽ ሣጥኖች ይሆናል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ታምቆ የሚኖረው ውጥረት ሲሰነጠቅ ስለሚለቀቅ ጣውላው ይጣመማል፥ ጫፉም ይተረተራል። ስለዚህ ልምድ የሌለው ሰው በባሕር ዛፍ ባይጀምር ይሻላል።

የከተማ ዛፍ ከደን ዛፍ የሚለይበት ነገር አለ። ብቻውን ስለሚያድግ ከዝቅታ ጀምሮ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ስለዚህም ጉጥ ይበዛዋል። ያዘነበለ ግንድ ደግሞ ሲደርቅ መጣመሙ አይቀርም። ከሁሉ የከፋው ጠላት ብረት ነው። ሰዎች ማስታወቂያ ሲለጥፉ፥ ገመድ ሲያስሩ ወይም አጥር ሲያጥሩ የመቱት ሚስማርና ሽቦ ከዓመታት በኋላ በእንጨቱ ተውጦ ከዓይን ይሰወራል። መጋዙ ሲያገኘው ጥርሱ ይሰበራል፥ ሠራተኛውም ሊጐዳ ይችላል። ስለዚህ ግንዱ ከመሰንጠቁ በፊት በብረት መፈለጊያ መሣሪያ መመርመር አለበት። በግንዱ ጫፍ ላይ የሚታይ ጥቁር ሰማያዊ ነጠብጣብም ብዙ ጊዜ በውስጡ ብረት መኖሩን ያመለክታል።

ከመሰንጠቅ ቀጥሎ የሚመጣው ዋና ሥራ ማድረቅ ነው። እርጥብ እንጨት የውኃው መጠን ከደረቁ ክብደት ከግማሽ በላይ ሊሆን ይችላል። ይህ መጠን ወደ 30 በመቶ እስኪወርድ ድረስ እንጨቱ መልኩን አይለውጥም፤ ከዚያ በታች ሲደርቅ ግን መኰማተር ይጀምራል። ለቤት ዕቃ የሚሆነው ከ12 እስከ 15 በመቶ ሲደርስ ነው። በጥላ ሥር በነፋስ ለማድረቅ ለእያንዳንዱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል መጠበቅ የቆየ የአናጢዎች ልማድ ነው። ግንዱ እንደወደቀ ሁለቱን ጫፎች በቀለም ወይም በሰም መቀባት፥ ጣውላውን ከመሬት ከፍ አድርጎ መደርደር፥ በየመካከሉም እኩል ውፍረት ያላቸውን ቀጫጭን እንጨቶች ማስገባት ያስፈልጋል። ፀሐይ በቀጥታ ካገኘው ይሰነጠቃል፤ አፈር ላይ ካረፈም ምስጥ ይበላዋል።

ይህ ሥራ በሐረር የተለየ ትርጕም አለው። በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር ያሠሩት ቅጥር የሚከበው ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የጥንቱ የሐረሪ ቤት ጣራ በተቀራረቡ የእንጨት ወራጆች ላይ የሚያርፍ ነው፤ በኋላ ዘመን በሕንድ ነጋዴዎች ሥራ የተስፋፋው ቤትም በእንጨት ሰገነቱ ይታወቃል። እነዚህ ሲታደሱ ለነባሩ የሚመስል እንጨት ይፈልጋሉ። በከተማው የወደቀ ጥድ ተቃጥሎ ሳለ ለቅርስ ጥገና ሌላ ጥድ ከሩቅ ማስቈረጥ የሚያስመሰግን ነገር አይደለም።

በሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ ሥራ ተጀምሯል። በአሜሪካ የባልቲሞር ከተማ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 የከተማውን የወደቁ ግንዶች በአንድ ግቢ አሰባስቦና ለይቶ ለጣውላና ለሌላ ጥቅም የሚያቀርብበትን ሥርዓት አቁሟል። ከዚህ የምንማረው አንድ ነጋዴ ብቻውን አንድ ግንድ ከመጠበቅ ይልቅ የሚያሰባስብ ስፍራ መኖሩ እንደሚጠቅም ነው። ጥቂት ነጋዴዎችና አናጢዎች ተባብረው ከከተማው አስተዳደር ጋራ ቢዋዋሉ፥ ጥላ ያለው ግቢና አንድ ተንቀሳቃሽ መሰንጠቂያ ቢኖራቸው ለመጀመር ይበቃል።

በመጨረሻ ሁለት ነገር እናስጠነቅቃለን። አንደኛ፥ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን ልማት፥ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 1065 መኖሩን በማስታወስ ገዢው ግንዱን ከማንሣቱ በፊት የባለቤቱንና የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ፈቃድ በጽሑፍ ይያዝ። ሁለተኛ፥ ንግዱ የሚቆመው በሌላ ምክንያት በወደቀው ዛፍ ላይ ብቻ ነው። ዋጋ ስላገኘ ብቻ ጤነኛ ዛፍ የሚቆረጥ ከሆነ ከተማው ጥላውን፥ ነጋዴውም ስሙን ያጣል። እንጨቱም የሚገኘው አንዳንድ ጊዜ ስለሆነ የሩቁን ጣውላ ፈጽሞ አይተካም፤ የሚያቃልለው ወጪውን ነው። ይህን መጠን ያወቀ ነጋዴ ግን ዛሬ አመድ የሚሆነውን ግንድ ከዓመት በኋላ በሱቁ ውስጥ በር ሆኖ ሊሸጠው ይችላል።