ሥራውን ጨርሶ የሚወድቅ ውኃ

ቢሾፍቱ ያደገ ሰው ውኃ ተኝቶ እንጂ ሲሮጥ ብዙም አያውቅም። ሖራም ሆነ ባቦጋያ፣ በከተማይቱም ስም የሚጠራው ሐይቅ፣ ጥንት እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በተወው ጉድጓድ ውስጥ ዝም ብለው የተቀመጡ ናቸው። ከወዳጆቼ አንዱ፣ በዚያው ከተማ ተወልዶ ዛሬ መምህር የሆነው፣ «ዕድሜዬን ሁሉ በውኃ ዳር ስኖር የውኃ ድምፅ ሳልሰማ ቀረሁ» እያለ ሲያማርር ይኖር ነበር። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ጾመ ፍልሰታ በተፈታ ማግስት፣ ቅዳሜ ጧት፣ አራት ሆነን የአዋሽን ፏፏቴ ለማየት የተነሣነው እርሱን ዝም ለማሰኘት ነው ብል ከእውነት አልራቅሁም።

እናቴ ጉዞውን አልወደደችውም። «በዚህ ክረምት? ያውም ምድሩ በሚንቀጠቀጥበት አገር?» አለችኝ። ፍርሃቷ ከንቱ አልነበረም። ከዚያው ዓመት መባቻ ጀምሮ በፈንታሌ ተራራና በአዋሽ አካባቢ ምድር ደጋግማ ተናውጣ፣ ንዝረቱ እስከ አዲስ አበባ ተሰምቶ፣ ብዙ ሕዝብ ቀዬውን ለቆ ነበር። እኛ የሄድነው ጋብ ካለ በኋላ ነው። ስለ ክረምቱ ግን የሰጠሁት መልስ ፏፏቴ መታየት ያለበት ሲሞላ ነው የሚል ነበር። ለዚህ መልሴ ኋላ በጭቃ ከፍያለሁ።

መኪናዋ ከመምህሩ አጐት የተለመነች ትንሽ ቪትዝ ናት። መሪውን የያዘው በመስኖ ሥራ ላይ ያለ ወጣት መሐንዲስ ሲሆን፣ ከኋላ ከእኔ ጋር የተቀመጠው ደግሞ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ይህ ሰው ለወዳጆቹ ሻይ ቢጋብዝ እንኳ በደብተር የሚጽፍ ስለሆነ የጉዞአችን ገንዘብ ያዥ አደረግነው።

በ2007 ዓ.ም. በተከፈተው የፍጥነት መንገድ ሞጆን አልፈን ወደ አዳማ ስንገሠግሥ መሐንዲሱ በቀኝ በኩል ወደማይታየው ቆቃ በእጁ እያመለከተ ትምህርቱን ጀመረ። የቆቃ ግድብ ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀ ነው። የክረምቱን ጐርፍ ይዞ ለበጋው ያቆየዋል፤ 43 ሜጋዋት ያህል ኤሌክትሪክም ያመነጫል። ውኃው ከዚያ ሲለቀቅ በግርጌው ያሉ ሌሎች ሁለት ማመንጫዎችን ያዞራል። የአዳማ ሕዝብ ከዚሁ ወንዝ ይጠጣል። የወንጂ አገዳ ከ1946 ዓ.ም. የፋብሪካው መከፈት ጀምሮ የኖረው በዚሁ ነው። ቀጥሎ የኑራ ኤራ ፍራፍሬ አለ፤ ከዚያም ሰፊው የመተሐራ አገዳ።

ገንዘብ ያዣችን በጣቱ ሲቈጥር ቆይቶ «እንግዲህ እኛ ልናይ የምንሄደው ትራፊውን ነዋ!» አለ።

በአዳማ ለቁርስ ጥብስ በልተን (ከፍልሰታ በኋላ ያለ ጥብስ ምን እንደሚመስል አንባቢዬ ያውቀዋል) ወለንጪቲን አልፈን ወደ ቆላው ወረድን። ቢሾፍቱ ላይ ሹራብ ለብሰን ነበር፤ መተሐራ ስንደርስ ሸሚዝም ከበደን። እዚያ መንገዱ በጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይና በበሰቃ ሐይቅ መካከል ያልፋል። ይህ ሐይቅ ከስልሳና ሰባ ዓመት በፊት ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር፤ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። ሌላው አገር ሐይቁ ደረቀበት ብሎ ሲያለቅስ መተሐራ ሐይቁ አደገበት ብሎ ያለቅሳል፤ ውኃው ጨዋማ ስለሆነ ለእርሻም ለመጠጥም አይረባምና። ምክንያቱን አጥኚዎች ከመሬት በታች እየበዛ ከመጣው ውኃና ከመስኖው ትርፍ ጋር ያያይዙታል።

የፓርኩን በር አልፈን ኢላላ ሳላ ከተባለው ሜዳ ገባን። ቀንዳቸው እንደ ጦር የቀና ሳላዎች ከሩቅ ቆመው አዩን። እኛም እነርሱን ስናይ መኪናዋ ከጭቃ ገባች። ገፋናት፤ ይብስ ሰጠመች። መምህሩ ጫማውን አውልቆ ሲገፋ ጎማው የረጨው ጭቃ ፊቱን አለበሰው።

በዚህ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ሁለት ወጣቶች አስከትለው መጡ። ከረዩ ናቸው። ከኋላቸው ከብቶች ነበሩ። ያለ ብዙ ንግግር ቅርንጫፍ ቆርጠው ከጎማው ሥር ጐዘጐዙና አወጡን። ሽማግሌው በኦሮምኛ ምን ልታዩ መጣችሁ አሉ። መምህሩ ፏፏቴውን ልናይ ነው አባቴ ብሎ መለሰ።

«ውኃ ሲወድቅ ለማየት?» ብለው ሳቁ። «እኛ የምንፈልገው ውኃ ሲቆምልን ነው።»

መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ክርክር ተነሣ። ገንዘብ ያዡ በፓርክ ውስጥ ከብት ማሰማራት በሕግ ክልክል መሆኑን አስታወሰ፤ ሳላው የሚበላውን ከብት ከበላው ነገ ሳላ አይኖርም አለ። ትክክል ነው። መሐንዲሱ ግን ሌላውን ገጽ ገለጠ። ከረዩዎች በበጋ ከብቶቻቸውን የሚያወርዱበት የአዋሽ ዳርቻ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአገዳ እርሻ ሆነ፤ ሜዳውም በ1961 ዓ.ም. ፓርክ ተብሎ በሕግ ተከለለ። ታዲያ ከብቱ በየት በኩል ይጠጣ? እኔ በትምህርት ቤት የአዋሽ ፓርክን አራዊት ስም በቃሌ ይዤ ፈተና አልፌአለሁ። ስለ ከረዩ የጠየቀኝ መምህር አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ስኳሩን ግን በየቀኑ በሻይ እጠጣዋለሁ።

ፏፏቴውን ከማየታችን በፊት ሰማነው። መጀመሪያ ከባድ መኪና የሚመጣ መስሎን ወደ ኋላ ዞር አልን። ከገደሉ አፋፍ ስንደርስ ግን ያ ትራፊ ያልነው ውኃ በጥቁሩ ዓለት ላይ ተከፋፍሎ እየተገለበጠ፣ ጢሱ እስከ ፊታችን እየመጣ፣ መነጋገር አቃተን። መልኩ እንደ ሻይ በወተት ነው። ከታች ከአረፋው ወዲያ፣ ውኃው በሚረጋበት፣ አዞ እንዳለ ተነግሮናልና ለመውረድ የቃጣ አልነበረም። ዝንጀሮዎች ከዛፉ ሥር ተቀምጠው እኛን ያያሉ። የእነዚህም ነገር የሚያስገርም ነው፤ ከፏፏቴው በላይና በታች የሚኖረው ዝንጀሮ ዘሩ ልዩ ልዩ ሲሆን በዚህ አካባቢ ተዳቅለዋል፤ ሊቃውንትም ለዓመታት አጥንተዋቸዋል።

መምህሩ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቆየ። በመጨረሻ በጆሮዬ ጮኾ «ይህ ጭቃ እኮ የአባቴ ማሳ ይሆናል!» አለኝ። አባቱ ሞጆ አጠገብ ጤፍ ያርሳሉ፤ የሞጆም ወንዝ ወደ ቆቃ ይገባል።

መሐንዲሱ ሰምቶ ኖሮ አረመው። «የአባትህ አፈር ከዚህ አልደረሰም፤ ቆቃ ውስጥ ቀርቷል። የግድቡን ሆድ ከፊሉን የሞላው እርሱ ነው። ይህ የአርሲ ነው፤ በቀለጣ ወንዝ በኩል ከግድቡ በታች የገባ።»

መምህሩ ተናደደ። እኔ ግን እንዲህ ባለ ቦታ እንኳ ስሕተት የማያሳልፍ ጓደኛ ማግኘት ዕድል ነው እላለሁ። አዋሽ ከዚያ ወዲያ የአፋርን ምድር አቋርጦ፣ ባሕር ሳይደርስ፣ በጅቡቲ ወሰን ከአቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። ያን ያህል መንገድ እንደሚቀረው ማን ያውቅለታል፤ እዚህ ላይ ያለ የሌለ ኃይሉን ሲጨርስ ነው የሚታየው።

ስንመለስ ሽማግሌው ከዚያው ከጭቃው አጠገብ ቆመው ጠበቁን። እንደገና እንደምንሰጥም አውቀው ልጆቻቸውን ድንጋይ አስደርድረው ነበር፤ ሳንቆም አለፍንና ወርደን እጅ ነሣን። ገንዘብ ብንሰጥ እንቢ አሉ። ዓይናቸው ግን በኋላ ወንበር ላይ ከነበሩት ሃይላንዶች ላይ አረፈ። አራቱንም ሰጠናቸው። አንዱን ከፍተው ግማሹን ጠጡ፤ የቀረውን ለትንሹ ልጅ አሳለፉ፤ ባዶውንም ክዳኑን ገጥመው ያዙት።

ማታ ቢሾፍቱ ስንደርስ ዝናብ ነበር። ገንዘብ ያዣችን በመንገድ መብራት ደብተሩን ገልጦ የእያንዳንዳችንን ድርሻ አነበበልን፤ ቤንዚን፣ የመንገድ ክፍያ፣ ጥብስ፣ የፓርክ መግቢያ። ከሁሉ በታች «ለመኪና ማውጫ፣ ውኃ 4» የሚል ነበር፤ በዋጋው አምድ ምንም አልጻፈበትም።