ስለ ካርቡራተር ቃላት አሰያየም

የጣሊያን ጦር ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው፤ ካንዴላ፣ ፍሪስዮን፣ ካቻቢቴ የተባሉት ቃላት ግን በመካኒኩ አፍ እስከ ዛሬ አሉ። እነዚህን በአዲስ ቃል መተካት አስፈላጊ ሆኖ አላገኘነውም። የሚያሳስበን፣ አሮጌ ሞተር ብስክሌቱን በቤቱ የሚጠግነው ሰው የሚያነበው የተተረጎመ መምሪያ ነው።

በመጀመሪያ ቤንዚን የበዛበትን ድብልቅ እንመልከት። የውጭውን አነጋገር ተከትለን «ሀብታም ድብልቅ» ብንል አንባቢው ምስጋና ይመስለዋል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል፣ ደባርቅ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሚገኙ አየራቸው ስስ ነው። በመተማ ቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር ደባርቅ ሲደርስ ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛበታል፤ ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል፣ ሞተሩም ጉልበት ያጣል። ስለዚህ «ቤንዚን የበዛበት» እና «ቤንዚን ያነሰው» ማለትን እንመርጣለን።

ሁለተኛው «የድብልቅ ማስተካከያ ብሎን» የሚለው ስያሜ ነው። ብሎኑ በአየር ማጣሪያው በኩል ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጣጠረው አየሩን ነው፤ ሲጠብቅም ቤንዚኑ ያመዝናል። በሞተሩ በኩል ሲሆን ግን የሚቆጣጠረው ቤንዚኑን ስለሆነ፣ ሲጠብቅ ቤንዚኑ ይቀንሳል። እንግዲህ «ብሎኑን አጥብቅ» የሚለው አንድ ትእዛዝ በሁለቱ ላይ ተቃራኒ ውጤት ያስከትላል ማለት ነው።

ስለሆነም «የአየር ብሎን» እና «የቤንዚን ብሎን» ተብለው እንዲለዩ ሐሳብ እናቀርባለን። ተርጓሚውም ከሁለቱ አንዱን ከመጻፉ አስቀድሞ፣ ብሎኑ በየትኛው በኩል እንዳለ ከመምሪያው ሥዕል ያረጋግጥ።