ከዜሮ እስከ አሥር

በሕክምና ክፍሌ ግድግዳ ላይ ረጅም መስመር የተሠመረበት ወረቀት ተለጥፏል። በአንዱ ጫፍ ዜሮ፣ በሌላው ጫፍ አሥር። ዜሮ «ምንም አያመኝም» ነው፤ አሥር «ከዚህ የባሰ ሕመም አላውቅም»። ታካሚው ጣቱን ቁጥሩ ላይ ያሳርፋል፣ እኔ መዝገቡ ላይ እጽፋለሁ። በዮርዳኖስ፣ አማን ውስጥ በፊዚዮቴራፒስትነት ስሠራ አሥር ዓመት ሊሞላኝ ነው። አብዛኞቹ ታካሚዎቼ ስፖርት የሚሠሩ ልጆች ናቸው። በእነዚህ ዓመታት ከተረዳሁት ሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው፦ ልጅ ቁጥሩን የሚያሳየው አጠገቡ ማን እንደቆመ አይቶ ነው።

ባለፈው ጥር፣ የአማን ብርድ ከድንጋዩ ግድግዳ እየወጣ አጥንት በሚገባበት ሰሞን፣ አንድ የ13 ዓመት ልጅ ከአባቱ ጋር መጣ። አባትየው የቢጫ ታክሲ ሹፌር ነው። ከምሥራቅ አማን፣ ከማርካ፣ እስከ ትላዕ አል-ዐሊ ድረስ የመጣው የሥራ ሰዓቱን ቆርሶ ነው። ልጁ ቴኳንዶ ይሠራል። ከቀኝ ጉልበቱ በታች፣ ቅልጥሙ አናት ላይ፣ የቴምር ፍሬ የሚያህል እብጠት ወጥቶበታል። በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ትከሻው ወደ ጆሮው ተሰበሰበ፤ ፊቱ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ስንት ነው?» አልኩት።

አባቱን አየና ጣቱን ሁለት ላይ አደረገ።

«አዩ ዶክቶራ» አለ አባቱ፤ ሐኪም ባልሆንም እዚህ እንዲህ ነው የሚጠሩኝ። «ልጄ ጠንካራ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ውድድር አለበት።»

ከውጭ የመኪና ጡሩምባ ተደጋግሞ ጮኸ። ታክሲው የሰው መውጫ ዘግቶ ነበርና አባትየው ሊያንቀሳቅሰው ሮጠ። እኔ ያንኑ ቦታ፣ በዚያው ኃይል፣ ደግሜ ተጫንኩት። ልጁ በሩን አየ። ጣቱ ከሁለት ተነሥቶ ሰባት ላይ ቆመ።

«ለባባ አይንገሩት» አለኝ።

ያ እብጠት ኦስጉድ-ሽላተር ይባላል። የቦስተኑ ሐኪም ሮበርት ኦስጉድና የዙሪኩ ካርል ሽላተር እ.ኤ.አ. በ1903 ለየብቻ ጽፈውበታል። ልጅ ቁመቱ በድንገት በሚመዘዝበት ዕድሜ አጥንቱ ጡንቻውን ቀድሞ ያድጋል። የጭኑ ትልቅ ጡንቻ በጉልበቱ ሎሚ ላይ አልፎ ከቅልጥሙ አናት ጋር የሚያያዝበት ቦታ ደግሞ በዚያ ዕድሜ ገና ለስላሳ ነው፤ ወደ ሙሉ አጥንትነት አልተለወጠም። ልጁ በዘለለ፣ በረገጠ፣ በሮጠ ቁጥር ጡንቻው ያንን ለስላሳ ቦታ ይጎትተዋል። በቴኳንዶ ልምምድ ደግሞ በአንድ ምሽት ስንት መቶ ጊዜ እግር እንደሚነሣ የሚያውቅ ያውቀዋል። በሽታው ክፉ አይደለም፤ ዕድገቱ ሲያበቃ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይተዋል። ስፖርቱንም ጨርሶ ማቆም ግድ አይልም። የሚያስፈልገው ልክ ነው፦ ዛሬ ስንት ምት፣ ነገ ስንት፣ መቼ ማረፍ። ልኩን የሚነግረኝ ደግሞ ሕመሙ ነው። ልጁ ሰባቱን ሁለት ካለኝ በጨለማ ነው የምሠራው።

ስለ ወላጆች ስጽፍ ብዕሬ እንዳይቸኩል እፈራለሁ። እልኸኛ አባት፣ የምትጮኽ እናት፣ የሚያለቅስ ልጅ እያሉ መጻፍ ቀላል ነው። የማርካው አባት ግን እንዲህ ያለ ሰው አይደለም። ልጁን መትቶት አያውቅም፤ ጫማውን የሚፈታለት ጎንበስ ብሎ ራሱ ነው። ሲጠራው «ባባ» ይለዋል። በዚህ አገር አባት ልጁን «ባባ»፣ እናትም ልጇን «ማማ» ብለው ነው የሚጠሩት። መጀመሪያ ከኢትዮጵያ ስመጣ ግራ ገብቶኝ ነበር፤ በኋላ የእኔዋ እናት ወንድሜን «አባቴ»፣ እኔን «እማዬ» እያለች ማሳደጓ ትዝ አለኝና ገባኝ። አባትም በፈንታው በበኩር ልጁ ስም ይጠራል። ጎረቤቱም ደንበኛውም «አቡ እገሌ» ይሉታል። የአባት መጠሪያ ከልጁ፣ የልጅ ቁልምጫ ከአባቱ የተወሰደ ነው። እናም ልጁ ምንጣፉ ላይ ወጥቶ ስሙ በድምፅ ማጉያ ሲጠራ አባትየው የራሱን ስም ይሰማል። ሲሸነፍም እንዲሁ።

የዮርዳኖስ የቴኳንዶ ፍቅርም ከባዶ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016፣ ለንጋት ጥቂት ሲቀረው፣ ሰፈራችን በመኪና ጡሩምባ ተናወጠ። የ20 ዓመቱ አሕመድ አቡ ጎሽ በሪዮ ኦሊምፒክ በ68 ኪሎ ሩሲያዊውን አሌክሲ ዴኒሴንኮን 10 ለ 6 አሸንፎ ነበር። አገሪቱ በኦሊምፒክ ታሪኳ ያገኘችው የመጀመሪያ ሜዳሊያ ነው፤ እሱም ወርቅ። ከዚያ በ2018 ጁልያና አል-ሳዲቅ በጃካርታው የእስያ ጨዋታ ወርቅ አመጣች፤ የሴት ልጆች እናቶችም ወደ ማሠልጠኛዎቹ ሲመጡ ማየት ጀመርኩ። በቶኪዮ ኦሊምፒክ ሳሌሕ አል-ሸርባቲ ብር፣ በፓሪስ ዘይድ ከሪም ሌላ ብር። የማርካው አባት እነዚህን ስሞች እንደ ጸሎት በቃሉ ይላቸዋል። በስፖርት ማዕከሉ፣ በሑሴን ወጣቶች ከተማ በር ተሳፋሪ ይዞ ባለፈ ቁጥር «ልጄ እዚህ ይወዳደራል» ይላቸዋል። ይህን የነገረኝ ልጁ ነው፤ ሲነግረኝ ፈገግ አላለም።

ከሜዳሊያው ጀርባ ደግሞ ሌላ ስሌት አለ። እዚህ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና፣ ታውጂሂ፣ ቤተሰብን ሁሉ እንቅልፍ የሚነሣ ነገር ነው። ዩኒቨርሲቲዎች በስፖርት ብልጫ ላሳዩ ተማሪዎች የተለየ የመግቢያ በር አላቸው። ለታክሲ ሹፌር ልጅ ይህ በር ትልቅ ነው። ሀብታሞቹም ቢሆኑ የየራሳቸው በር አላቸው፦ ከዳቡቅና ከዐብዱን ሰፈሮች የሚመጡ እናቶች የሚዋኙ ልጆቻቸውን ትከሻ ሲያሳዩኝ የሚያወሩት ስለ አሜሪካ ኮሌጅ ነው። የልጆቹ ትከሻ ግን ከሹፌሩ ልጅ ጉልበት በምንም አይለይም።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ሚዛኑ ነው። በቴኳንዶ ከ12 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች የራሳቸው ምድብ አላቸው። እኔ በማያቸው ውድድሮች ለወንዶቹ ከ33 ኪሎ በታች ተጀምሮ በአራት በአራት ኪሎ እያደገ ይሄዳል። የዚህ ዕድሜ የዓለም ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ2014 ባኩ ላይ ተጀምሯል። የእኔ ታካሚ የሚወዳደረው ከ45 በታች ነው፤ እኔ ጋ ሲመዘን 47 ተኩል ሆነ። አስቡት፦ ይህ ልጅ አጥንቱ እያደገ ነው የታመመው። ያው አጥንት ደግሞ በሦስት ሳምንት ውስጥ እንዲቀልል ይፈለጋል።

አንድ ጊዜ በአንድ የልጆች ውድድር የክብደት መለኪያ በር ላይ ቆሜ ነበር። ላብ የሚያወጣ የፕላስቲክ ልብስ ለብሰው፣ ቆባቸውን ደፍተው ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ልጆች አየሁ። አንዱ ምራቁን በውኃ ጠርሙስ ውስጥ ይተፋ ነበር፤ ምራቅም ክብደት አለውና። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ከበሩ ውጭ እናቶች ላብነህ የተባለ እርጎና ዛዕተር የተባለ ቅመም የተጠቀለለበት ቂጣ፣ ቴምርና ሙዝ ይዘው ተደርድረዋል። ልጁ ከሚዛኑ ወርዶ እንደወጣ እናቱ ቁራሹን በእጇ አጎረሰችው። እኛ አገር ጉርሻ የፍቅር ምልክት ነው፤ የዚያችም ሴት እጅ ፍቅር እንጂ ሌላ አልነበረበትም። ሁለት ቀን ያስራበችውም እሷ ናት።

የራሴንም ልናገር። ከዚህ ልጅ ሁለት ዓመት በፊት አንዲት የ14 ዓመት ልጅ በወለምታ ቁርጭምጭሚቷ አብጦ መጣች። ለውድድር ቀርቷት የነበረው አምስት ቀን ነው። መግባት እንደሌለባት አውቄአለሁ። እናቷ እጄን ይዛ ለመነችኝ፤ የምሠራበት ማዕከል ኃላፊም ደንበኛ እንዳላስከፋ በዓይኑ ነገረኝ። «ሁለት ነው፣ አያመኝም» አለች ልጅቷ። ማመን ስለፈለግኩ አመንኳት። ቁርጭምጭሚቷን በፕላስተር አጥብቄ አሠርኩላት። ሁለት ጊዜ አሸነፈች፤ በሦስተኛው ግጥሚያ እግሯ ከሥሯ ታጠፈ፣ ጅማቱም ተበጠሰ። በኋላ አልጋው ላይ ሆና ስታለቅስ ሕመሙ መስሎኝ በረዶ ላመጣላት ተነሣሁ። «ማማ አምባሯን ሸጣለች» አለችኝ። ለሥልጠና ጉዞዋ የከፈለችው የሠርግ ወርቋን ሸጣ ነበር።

እስከዚያ ቀን ድረስ ልጆቹ ሕመማቸውን የሚደብቁት ወላጆቻቸውን ፈርተው ይመስለኝ ነበር። የሚፈሩም አሉ። የሚበዙት ግን የሚደብቁት ስለሚወዷቸው ነው። አባት ስንት ሌሊት እንደነዳ፣ እናት ምን እንደሸጠች፣ የማሠልጠኛው ወርሃዊ ክፍያ ከየት እንደመጣ ልጆች ሁሉን ያውቃሉ፤ ማንም ሳይነግራቸው ያውቃሉ። ውለታ በትልቅ ሰው ትከሻ ላይ ሲያርፍ እንኳ ይከብዳል፤ የ13 ዓመት፣ ያልጠና ጉልበት ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን በየቀኑ በእጄ እዳስሰዋለሁ። ለዚህ ነው «ልጅዎን አያስገድዱት» የሚለው ምክር የማይሠራው። አባትየው ልጁን አስገድዶት አያውቅም፤ ቢጠየቅም እውነቱን ነው የሚናገረው። ልጁ ራሱን ነው የሚያስገድደው።

እኛም ጋ ነገሩ ተገልብጧል። ደብረ ብርሃን ሳድግ ወንድሜ ሯጭ መሆን ይፈልግ ነበር፤ አባታችን ትምህርቱን እንዳይተው ሸራ ጫማውን ጎታ ውስጥ ደበቀበት። በዚያ ዘመን ብዙ ቤት እንዲህ ነበር፤ የኃይሌ ገብረ ሥላሴም አባት የልጃቸውን ሩጫ ይቃወሙ እንደነበር የታወቀ ነው። አሁን ያው አባቴ ስልክ ደውሎ ለ11 ዓመቱ የልጅ ልጁ «ቀለል ያለ የሩጫ ጫማ ላኪ፣ ከልጁ ተስፋ አለን» ይለኛል። «ልጁስ ሩጫውን ይወደዋል ወይ?» ብዬ ስጠይቀው ዝም አለ። ከዚያም ስለ ገብስ ዋጋ አወራኝ።

ለማርካው አባት ስለ ኖርዌይ ነግሬው ነበር። እዚያ ልጆች 13ኛ ዓመታቸው ሳይደርስ በአገር አቀፍ ሻምፒዮና እንዳይወዳደሩ ደንብ አለ፤ ሆኖም አገሪቱ በክረምት ኦሊምፒክ ማንም የማይደርስባት ናት። በጥሞና አዳመጠኝ።

«ዶክቶራ፣ ኖርዌይ ነዳጅ አላት» አለ። «እኛ ያሉን ልጆቻችን ብቻ ናቸው።»

መልስ አልነበረኝም፤ እስከ ዛሬም ሙሉ መልስ የለኝም። ከሪዮ እስከ ፓሪስ በሦስት ኦሊምፒክ ይህች አገር በቴኳንዶ ያገኘችው ሦስት ሜዳሊያ ነው። በአንድ ዓርብ፣ በአንድ አዳራሽ ውስጥ የማያቸው ልጆች ከዚያ መቶ እጥፍ ይበዛሉ። ይህን ልነግረው እችል ነበር። ግን በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ለሚነዳ ሰው ተስፋው በቁጥር ትንሽ ናት ብሎ መንገር የእኔ ሥራ አልመሰለኝም። የእኔ ሥራ የልጁ ጉልበት ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር አደርጋለሁ። ማንኛውም ልጅ ሲመጣ ወላጁን አሥር ደቂቃ ኮሪደሩ ላይ እንዲቆይ እጠይቃለሁ፤ በሩ ገርበብ ይላል፣ ውስጥ ያለነው እንታያለን፣ የምንነጋገረው ግን አይሰማም። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ እጽፋለሁ፤ ወላጅ ሳለ አንድ፣ ሲወጣ አንድ። ልጁ ሳይፈቅድ ሁለተኛውን ቁጥር ለወላጁ አልናገርም። ይህ የሚያስቀይማቸው አሉ። «ከልጄ ጋር ምን ምሥጢር አለሽ?» ብላ ወጥታ ያልተመለሰች እናት አለች። ልጇ ዛሬ ማን ጋ እንደሚታይ አስባለሁ።

የማርካው ልጅ በሦስተኛው ቀጠሮ «እርስዎ ካሉ ይሁን» አለኝ። አባቱን ጠራሁትና አልጋው አጠገብ አስቀመጥኩት። «እጅዎን ይስጡኝ» አልኩት። መሪ ሲይዝ የኖረ፣ መዳፉ የጠነከረ እጅ ነው። አውራ ጣቱን እብጠቱ ላይ አሳረፍኩለት።

«ቀስ ብለው ይጫኑት።»

ተጫነ። የልጁ ትከሻ ወደ ጆሮው ተሰበሰበ፤ ፊቱ እንደ ልማዱ ንቅንቅ አላለም። አባትየው ፊቱን አላየም፤ ትከሻውን አየ። የስንት ውድድር ተመልካች ነውና ትከሻ ምን እንደሚል ያውቃል።

«ባባ» አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስንት ነው?»

ልጁ እኔን አየኝ። እኔ መዝገቤን አየሁ።

«ትናንት ሰባት ነበር» አለ። «ዛሬ ስድስት።»

አውራ ጣቱ ከእብጠቱ ተነሣ፤ መዳፉ ግን እዚያው ጉልበቱ ላይ ቀረ። ውጭ የሆነ ሰው ጡሩምባውን ደጋግሞ ነፋ፤ ታክሲው ዛሬም የሰው መውጫ ዘግቶ መሆን አለበት። አባትየው አልተነሣም።