የመርፌ ቀዳዳና የእንጨት ሳጥን

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጧት ፀሐይ በላሊበላ አካባቢ በጨረቃ ተጋርዳ ቀለበት መስላ ነበር። በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ በእኛዋም ገላን፣ ግርዶሹ ከፊል ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ከዛፍ ሥር መሬቱን ላየ ሰው፣ በቅጠሎች መካከል ሾልኮ የሚወርደው ብርሃን የማጭድ ቅርፅ ይይዛል።

ለመሆኑ ምሥጢሩ ምንድን ነው? ብርሃን በቀጥታ መስመር ስለሚጓዝ ጠባብ ቀዳዳ የውጪውን ምስል ገልብጦ ያሳልፋል። ይህንን በግርዶሽ ላይ መርምሮ፣ ቀዳዳው ሲሰፋ የማጭዱ ቅርፅ እንደሚጠፋ ያስረዳው እ.ኤ.አ. በ965 በበስራ የተወለደው ኢብን አል-ሀይሠም ነው። አንዳንዶች «ካሜራ» የዐረብኛ ቃል ነው ይላሉ፤ ቃሉ ግን ላቲን ሲሆን ትርጉሙም ክፍል ማለት ነው። ለሊቁ ክብር ሥራው በቂ ነው።

ከእንጨት የሚሠራው ካሜራም ይኸው ነው። ብርሃን የማያስገባ የጣውላ ሳጥን ውስጡ ጥቁር ይቀባል፤ ፊቱ ላይ በመርፌ የተበሳ ስስ ቆርቆሮ ይለጠፋል። ሳጥኑ 10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ካለው 0.4 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ይስማማዋል። መስተዋትም ባትሪም አይሻም። ቅርቡንም ሩቁንም እኩል ያሳያል። በፎቶ ወረቀት ላይ ለማንሳት በጠራራ ፀሐይ እንኳ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ስለዚህ ፈጥኖ የሚያልፍ መንገደኛ ምስሉ አይቀርም፤ ቤቱና ዛፉ ብቻ ይቀራሉ። ጣውላው ጠንካራ ስለሆነ በዚያ ሁሉ ጊዜ አይነቃነቅም። የፎቶ ወረቀት ያላገኘ የሳጥኑን ጀርባ ዘይት በተቀባ ወረቀት ሸፍኖ፣ ራሱን በጥቁር ጨርቅ ከልሎ ሰፈሩን ተገልብጦ ማየት ይችላል።

ወላጆች ሆይ! ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚሆነው ግርዶሽ በመካ ሙሉ፣ በሀገራችን ከፊል ነው። ፀሐይን ትኩር ብሎ ማየት ዓይንን ሳያሳምም ያቃጥላል። በቀዳዳው በኩል ፀሐይን ማየትም ክልክል ነው። ከእንጨት ሥራ ቤት በተረፈ ጣውላ አንድ ሜትር የሚረዝም ሳጥን ብንሠራ፣ በወዲያኛው ጫፍ ባለው ነጭ ወረቀት ላይ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያላት ፀሐይ ትታያለች። ልጁ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ በጎን መስኮት ወረቀቱን ብቻ ይመልከት።

እንግዲያው ኢንሻአላህ በዚያን ዕለት የኩሱፍ ሶላታችንን እንስገድ፤ የልጆቻችንንም ዓይን እንጠብቅ።