ዕድሜ ሲገፋ የሰውን ጥፋት በምን እንመዝናለን?

አንዲት ሴት ለጓደኛዋ ቡና ስትቀዳ ነጭ ዱቄት ትጨምርበታለች። ዕቃው ላይ «ስኳር» ተብሎ ቢጻፍም ውስጡ ያለው መርዝ ነው፤ ጓደኛዋ ትሞታለች። ሌላዋ ደግሞ መርዝ መስሏት ስኳር ትጨምራለች፤ ጠጪዋ ምንም አትሆንም። የበለጠ ጥፋተኛዋ የትኛዋ ናት?

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉ ታሪኮችን ለወጣቶችና ለአረጋውያን እያቀረቡ ፍርዳቸውን አነጻጽረዋል። ወጣቶቹ በአብዛኛው አድራጊዋ ያሰበችውን ያያሉ። አረጋውያኑ ግን ከወጣቶቹ ይልቅ ለደረሰው ጉዳት ክብደት ይሰጣሉ፤ ሳታውቅ የገደለችውንም ጠበቅ አድርገው ይወቅሳሉ። ጆሴፍ ሞራንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት የተሳታፊዎቹን አንጎል በኤምአርአይ ተከታትለው ነበር። የሌላውን ሰው ሐሳብ ስንገምት የሚሠራው የፊተኛው የአንጎል ክፍል በአረጋውያኑ ዘንድ ቀዝቀዝ ብሎ ታይቷል።

ለጉዳቱ የማድላት ነገር በልጆችም ዘንድ ታይቷል፤ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዣን ፒያዤ እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ትንንሽ ልጆች ሳያውቅ ብዙ ስኒ የሰበረውን ልጅ፣ ሊሰርቅ ሲል አንድ ከሰበረው ይልቅ ጥፋተኛ እንደሚሉት ጽፏል። ታዲያ «ሰው ሲያረጅ እንደ ልጅ ያስባል» ማለት ነው? አይመስለኝም። ብዙ ያየ ሰው «ተሳስታ ነው» በሚል መልስ ቶሎ አይረካም። መርዝና ስኳር ምን አንድ ቦታ አስቀመጣቸው? ለምንስ አላጣራችም? ብሎ ቸልተኝነትን ይፈልጋል፤ ይህም ራሱን የቻለ የሞራል ጥያቄ ነው። ደግሞም የተባለው የአማካይ ልዩነት እንጂ የእያንዳንዱ አዛውንት ጠባይ አይደለም።

ጉዳዩ እኛን በቀጥታ ይነካናል፤ የባልና ሚስት ጠብ፣ የድንበር ክርክር፣ አንዳንዴም የደም ነገር የሚያዘው በሽማግሌ ነውና። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 57 በድንገተኛ አጋጣሚ ለደረሰ ጉዳት ማንም እንደማይቀጣ ደንግጓል። ሽምግልና ደግሞ የተጎዳውን መካስ አለበት፤ ስለዚህ ጉዳቱን አጥብቆ ማየቱ ስህተት አይደለም። ስህተቱ ካሳና ወቀሳ ሲደባለቁ ነው።

ሽምግልና የምትቀመጡ ሁሉ፣ ካሳውን በጉዳቱ ልክ ቁረጡ፤ ከመውቀሳችሁ በፊት ግን አድራጊው ያን ጊዜ ምን ያውቅ እንደነበር ጠይቁ።